ስም የሌለው መዝገብ

የዶክተር ሔዋን እስክሪብቶ ወረቀቱን ሲነካ በወፍጮ ቤቱ ውስጥ የነበረው ጨዋታ ሁሉ ቀጥ አለ።

ከአፍታ በፊት ቤቱ ሞቅ ያለ ነበር። ውርጌሳ ላይ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሟል፤ ተራ የሚጠብቁ አምስት ስድስት ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ሔዋን ሰላም ብላ ገብታ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ኅዳር ላይ ከላይ ካለው ገደል ወድቆ የዳነ ሰው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች። የወፍጮው ባለቤት ዓቢዳ ዱቄት የለበሰ ሻሿን እያስተካከለች፣ "ሀብቴ ነዋ። በሬው ገደል ገብቶበት ሊያወጣ ሲወርድ..." ብላ ጀመረችላት። ሔዋን ማስታወሻ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣችና "ሀብቴ" ብላ ጻፈች። የዓቢዳ ንግግር እዚያው ላይ ተቆረጠ።

"ስሙ ምን ያደርግልሻል?" አለቻት።

"ስለ አንድ ነርስ እያጣራሁ ነው። በእሱ የታከሙ ሰዎችን ማግኘት እፈልጋለሁ።"

"እኔ ስንቱን ሀብቴ አውቃለሁ። የትኛውን እንዳልኩሽም ጠፋኝ፤ ወላሂ።"

ሌሎቹ ሴቶች የጆንያቸውን አፍ መፍታትና መልሰው ማሰር ያዙ። አንዷም ቀና ብላ አላየቻትም። ሔዋን በአሥራ አንድ ዓመት የሕክምና ሥራዋ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ዝምታ ምን እንደሚመስል ለይታ አውቃለች። አመስግና ወጣች። ከመርሳ በኮንትራት ያመጣት ባለ ባጃጅ፣ ገበየሁ፣ ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ያወራ ነበር። ሲያያት ስልኩን ዘጋና ኪሱ ከተተው።

"ማን ነው?" አለችው።

"ሚስቴ ናት።"

አላመነችውም። ከጠዋት ጀምሮ ማንንም አላመነችም።

ሔዋን ወልድያ ውስጥ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ናት። ከዚያ ሌላ የዱር ሕክምና የሚባለው ሙያ ማኅበር አባል ናት። ዱር ሕክምና ማለት መንገድ በሌለበት፣ አምቡላንስ በማይደርስበት፣ ገደል ሥር ወይም ሞልቶ በሚፈስ ወንዝ ማዶ ሆኖ ሰው ማዳን ነው። ማኅበሩ በዚህ ሙያ ለበቃ ሰው የከፍተኛ ባለሙያነት ዕውቅና ይሰጣል። ዕውቅናው ቀላል አይደለም። ለዓመታት ኮርስ ይወሰዳል፣ ፈተና ይታለፋል፣ ያከሙት ሁሉ በመዝገብ ይያዛል። በመጨረሻም ማኅበሩ የመደበው ገምጋሚ ከመዝገቡ ቢያንስ ሦስት ታካሚዎችን በአካል አግኝቶ፣ ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና ፊርማቸውን ቅጹ ላይ ያሰፍራል።

አምና እንዲህ ያለ ግምገማ ደርሷት ነበር። የሌላ አካባቢ ሰው ነው፤ መዝገቡ ያማረ፣ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ። ሔዋን ከወንበሯ ሳትነሳ ፈረመችለት። ከስድስት ወር በኋላ የመዝገቡ ግማሽ ፈጠራ ሆኖ ተገኘ። ማኅበሩ ሰውየውን ሰርዞ ለእሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላት፤ ሁለተኛ ቢደገም የራሷም ዕውቅና ይነሳል። ደብዳቤውን ማንም እንዳያይባት ቤቷ ወስዳ ልብስ መካከል ደበቀችው። ከዚያ ወዲህ ያማረ ወረቀት አታምንም።

የዘንድሮው አመልካች ሲራክ ይባላል። መርሳ የሚሠራ ነርስ ነው። የእሱ መዝገብ እንኳ ያማረ አልነበረም፤ የተማሪ ደብተር ላይ በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ሠላሳ አንድ ታካሚ አለበት፤ አንድም ስም የለበትም። "ሴት፣ ነፍሰ ጡር፣ ወንዝ ሞልቶ።" "ወጣት፣ እባብ፣ ቆላ።" ሔዋንን በጣም ያስጠረጠራት አሥራ ዘጠነኛው ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ከውርጌሳ በላይ ካለው ገደል ወድቆ የጎድን አጥንቱ ሳንባውን ይወጋዋል፤ አየሩ ደረቱ ውስጥ ታምቆ ሊገድለው ሲል፣ ሲራክ እዚያው ቋጥኝ ላይ ደረቱን በምላጭ ከፍቶ ቱቦ አስገባለት ይላል። ሰውየውም ዳነ። ሔዋን ይህን ሥራ በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ በመብራት፣ በሁለት ረዳት ስትሠራው እንኳ እጇ ላብ ያወጣል።

ጠዋት መርሳ ላይ ሲራክን አግኝታው ነበር። ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው። መዝገቡን ፊቱ ዘርግታ ስማቸው የታለ ብትለው፣ አልጻፍኩም አላት።

"ሠላሳ አንድ ሰው አክመህ የአንዱንም ስም አታውቅም?"

"አውቃለሁ። አልጻፍኩም ነው ያልኩት።"

"ለምን?"

 ይልቅ ሁለት ቀን እንድትሰጠውና ሦስት ሰዎች አስፈቅዶ እዚያው መርሳ ድረስ እንዲያመጣላት ጠየቀ። ሔዋን በሆዷ፣ ሦስት ሰው የሚናገረውን ለማስጠናት ሁለት ቀን ይበቃል ብላ አሰበች።

"እኔው እሄዳለሁ" አለችው።

"እንግዲያው አብሬዎት ልሂድ። ያለ እኔ አያናግሩዎትም።"

"ብቻዬን የምሄደውም ለዚሁ ነው።"

አልተቆጣም። በር ድረስ ሸኝቷት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ቢቻል ግን ወረቀት አይያዙ" አላት። ይህን ስትሰማ ጥርጣሬዋ ሞላ።

ከወፍጮ ቤቱ ተነስተው፣ አስፋልቱን ለቀው ጥርጊያው እስኪያልቅ በባጃጅ ወጡ። ከዚያ በኋላ እግር ነው። ገበየሁ ባጃጁን አንድ ግቢ ጥግ አቁሞ፣ መንገዱን አያውቁትም፣ ላድርስዎት አላት። የትኛው ሀብቴ እንደሆነ ግን አላውቅም አለ። ሰኔ ስለነበር መሬቱ ርሷል፤ ጭቃው ጫማ ይይዛል። ገበሬው ሁሉ እርሻ ላይ ነው። ከእርከን እርከን፣ ከእርከን እርከን ሲወጡ ሔዋን አንድ ነገር ልብ አለች። ገበየሁ ሁለት መንገድ መገንጠያ ላይ ሲደርስ እንኳ ማንንም አልጠየቀም፤ ዝም ብሎ ወደ ግራ ታጠፈ።

"አላውቀውም ካልክ ወዴት ነው የምትወስደኝ?"

"ላይ ቤት ስናገኝ እንጠይቃለን" አላት ዞር ሳይል።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ደረሱ። ሔዋን ቁልቁል አየችው። ከታች ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ ሥር ቀጭን ውሃ። ከዚያ ሥር የወደቀ ሰው በቃሬዛ ለማውጣት ስምንት ሰው ያስፈልጋል፤ አስፋልት ለማድረስ ግማሽ ቀን። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ደረት ተከፈተ ብሎ መጻፍ ለጸሐፊው ቀላል ነው፣ ማን ሄዶ ያያል ብላ አሰበች።

የሀብቴ ቤት ከአፋፉ እልፍ ብሎ ነው። ሲደርሱ ውሻው ታስሯል። በረንዳው ላይ መቀመጫ ወጥቶ ጨርቅ ተደርጎበታል። እንግዳ እንደሚመጣ ቀድሞ የሰማ ቤት ነው። ሔዋን ገበየሁን አየችው፤ እሱ ጫማውን ከጭቃ ያራግፋል።

ሀብቴ ደንዳና፣ ጢሙ ገብስማ የሆነ ሰው ነው። ከእርሻ ተጠርቶ የመጣ ይመስላል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሚስቱ ዘነበች የተቆላ ሽምብራ አቀረበችና በሩ ላይ ቆመች። ሔዋን ከየት እንደመጣች፣ ምን እንደምትሠራ ተናገረች። መርሳ ያለ አንድ ነርስ ሽልማት መሰል ነገር፣ ዕውቅና፣ ሊሰጠው እንደሆነና በእሱ የታከመ ሰው ምስክርነት እንደሚያስፈልግ አስረዳች። ባልና ሚስት ተያዩ።

"እኔ ወድቄም አላውቅ" አለ ሀብቴ። "ይህን ገደል ከልጅነቴ ነው የምወርድበት። ዓይኔን ጨፍኜ ብሄድ አልስተውም።"

"ሐኪምስ አይቶዎት አያውቅም?"

"እግዜር ይመስገን፣ ጤነኛ ነኝ።"

"ሲራክ የሚሉትን ሰውም አናውቅም" ስትል ዘነበች ከበሩ ላይ ጨመረች።

ሔዋን የያዘችውን ሽምብራ ሳህኑ ላይ መለሰችው። እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ የነርሱን ስም አልጠራችም። ወፍጮ ቤቱ ውስጥም አልጠራችም።

"ስሙን ማን ነገረዎት እትዬ?"

ዘነበች ወደ ገበየሁ አየች። ገበየሁ ወደ ሰማዩ አየ፤ ዝናብ ይመጣ አይመጣ የሚያጣራ ይመስል።

ነገሩ ለሔዋን አልገጥም አላት። ሲራክ እነዚህን ሰዎች አስጠንቷል ብትል፣ ዕውቅና የሚፈልግ ሰው ምስክሮቹን አዎ በሉ ብሎ ያስጠናል እንጂ የለም በሉ ብሎ አያስጠናም። ታዲያ ምን አስካዳቸው? ምናልባት በእጁ የሞተበት ሰው አለ። ምናልባት ገንዘብ ተቀብሏቸዋል። ምናልባት አስፈራርቷቸዋል። 

"ሰውየው አስፈራርቷችሁ ከሆነ ንገሩኝ" አለች። "ለእኔ ብትነግሩኝ ከእኔ አያልፍም።"

የሀብቴ ፊት ተለወጠ። ተቆጥቶ እንኳ ጨዋነቱን አልተወም። "እንግዲህ ደህና ይግቡ፤ በሬዎቼን ላበላ ነው" አለና ተነሳ። በረንዳው ጎን ካለው ቆጥ ላይ ጭድ ሊያወርድ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። የሸሚዙ ብብት የተተረተረ ነበር። እጁ ሲነሳ ቀዳዳው ተከፈተ፤ ሔዋን አየችው።

ከብብቱ ዝቅ ብሎ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው የጎድን አጥንት መካከል፣ ሁለት ጣት የሚያህል ጠባሳ አለ። አግድም፣ ቀጥ ያለ፣ አጥንቱን ተከትሎ የሄደ ነው። በጎንና በጎኑ የክር ምልክት አለበት።

"ይህ ምንድን ነው አባ?"

ሀብቴ እጁን ቶሎ አወረደ። "በሬ ወግቶኝ ነው።"

"በሬ እንዲህ አይወጋም" አለች ሔዋን፤ ተነስታ ወደ እሱ ሄደች። "በሬ ይቦጭቃል። ይህን የቀደደው እጅ የት እንደሚቀድ ያውቃል። ጣት ዝቅ ቢል ጉበት ነው፣ ጣት ወደፊት ቢል ልብ አጠገብ ነው። እኔ ሐኪም ነኝ፤ እኔ እንኳ ከዚህ አሳምሬ አልቀድም።"

 ሔዋን ላዳምጥዎት ብላ ማዳመጫዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ሰውየው ትንሽ አመነታና ሸሚዙን ከፍ አደረገላት። አየር ወደ ሳንባው እስከ ታች ድረስ ይገባል፤ ጥርት ያለ ነው፣ የግራውና የቀኙ አይለይም። ደጋግማ አዳመጠችው። ቀና ስትል ዓይኖቿ እርጥብ ነበሩ፤ በምን እንደሆነ ለራሷም አልታወቃት።

"የሚያስፈራቸው ደብተሩ ነው ዶክተር" አለ ገበየሁ ከኋላዋ፤ ጠዋት ካገኘችው ጀምሮ እንዲህ ሲረጋጋ አላየችውም። "ወፍጮ ቤት ስሙን ጽፈዋል፤ በር ላይ ሆኜ አይቼ ነው ለእነ ሀብቴ የደወልኩት። ዓቢዳ ስሙን በማውጣቷ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም ይሆናል።"

ሔዋን ደብተሯን አወጣች። ገጹን ከሥሩ ገንጥላ ለዘነበች ሰጠቻት። ዘነበች ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን አገላብጣ አይታ ለገበየሁ አቀበለችው።

"ምን ይላል?"

"ሀብቴ ይላል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለውም።"

ዘነበች ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ እጇ ባዶ ነው። እንደ ቅድሙ በሩ ላይ መቆሟን ትታ ከሔዋን አጠገብ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የነገሯት ሁለቱም እየተቀባበሉ ነው። አምና ክረምት ሁለት ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ። ከየት እንደመጡ ዛሬም የሚያውቅ የለም። ጨዋዎች ነበሩ። በዚህ አገር ሰው የሚያድን ሐኪም አለ አሉ፣ ልንሸልመው ነው፣ በእሱ የታከሙትን ስም ስጡን አሉ። ሰው ደስ ብሎት ተናገረ። ደግ ሥራ ተሸለመ ብሎ ያላከመውን ሁሉ ጨምሮ የተናገረ አለ። በሳምንቱ ከተጻፉት መካከል ሁለት ወጣቶች ተወሰዱ። አንዱ ታፋው ላይ በጥይት ቆስሎ ሲራክ ያከመው ነው፤ ማን እንዳቆሰለው ሲራክ አልጠየቀውም ነበር። ሌላው ከዛፍ የወደቀ ማር ቆራጭ ነው። እናቶቻቸው እስካሁን ይጠብቃሉ።

"አሁን አንቱ መጥተው ደግሞ ዕውቅና አሉ" አለ ሀብቴ። "ወረቀት አወጡ። እኛ ምን እንበል?"

ሔዋን ደብተሯን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ስለ ገደሉ የነገረቻት ዘነበች ናት። በዚያ ኅዳር መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ አምቡላንስ የሚባል ነገር የለም። ሲራክ ከመርሳ በእግሩ መጣ፤ አራት ሰዓት ፈጀበት። በገመድ ወረደ። ሀብቴ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሮ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ዞሮ ነበር። ሲራክ ምላጩን በአረቄ አጥቦ ሲቀድ አየሩ እንደ ጎማ ተነፈሰ። ቱቦውን አስገብቶ ሌላውን ጫፍ ውሃ የያዘ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ነከረው፤ ባሏ በተነፈሰ ቁጥር ውሃው ቡልቅ ይላል። ቡልቅታው ሲያቆም ጥሪኝ ብሏት ነበር። በቃሬዛ ቤት ካደረሱት በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ ጠርሙስ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ሲራክም ሦስቱን ቀን እዚሁ በረንዳ ላይ ተኛ።

"ሲሄድ ምን አላችሁ?" ብላ ጠየቀቻት ሔዋን።

"ዕቃ አትሸከም አለው" አለች ዘነበች። "በሳምንቱ ጀመረ።"

መርሳ ሲመለሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። የወልድያ ሚኒባሶች የሚቆሙበት ቦታ ላይ ሲራክ ይጠብቃት ነበር። ገበየሁ እጁን አንስቶለት አለፈ። ሁለቱ አንድ ሻይ ቤት ደጅ ተቀመጡ፤ ሻይ አዘዘችለት። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ዕውቅናው አልነበረም።

"ስም ጻፉ?"

"ጽፌ ነበር። ገንጥዬ ለዘነበች ሰጠኋት።"

ሲራክ ትንፋሹን ለቀቀ።  "ያለ ስም ደግሞ ቅጹ አይሞላም" አለ። "ሳመለክት ይህን ሳላስብ አልቀረሁም። በቃ፣ ይቅር።"

"ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?"

"ማን እንደሆኑ አላውቅማ" አላት፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። "ማኅበሩ የላከዎት መሆንዎን ስልክ ደውዬ አጣርቻለሁ። እነዚያ ሁለቱም ሲመጡ ግን አጣርተን ነበር።"

ሔዋን ጠዋት እሱን ስትጠረጥር እሱም እሷን ሲጠረጥር እንደዋለ ያን ጊዜ ገባት። አልከፋትም። እንዲያውም ቀለል አላት።

እንግዲያው ዕውቅናው ምን ያደርግልሃል፣ ማንም ሳያውቅህ ሥራህን እየሠራህ አይደል ወይ አለችው። ሲራክ ዕውቅና ያለው ሰው ሌሎችን የማሠልጠን ፈቃድ እንደሚያገኝ ነገራት። በየጎጡ አንድ ሰው፣ የደም ማስቆሙን፣ አጥንት ማሰሩን፣ የአየሩን ነገር ቢያውቀው ይበቃል። "ሀብቴ አራት ሰዓት ጠብቆኛል" አለ። "ሌላው አይጠብቅም። እኔም የማልመጣበት ቀን ይኖራል።" የማልመጣበት ያለው ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቀችውም።

ሔዋን ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ለሦስት ታካሚዎች ሦስት መስመር አለው። ሠላሳ አንዱንም አምናለች፤ አሁን ለመማል እንኳ ወደ ኋላ አትልም። ሦስቱንም መስመር ሞልታ፣ ታካሚዎቹ ስማቸው እንዳይገለጽ ጠይቀዋል ብላ ብትፈርም ማን ያያታል?  አምና የፈረመችለትንም ሰው እንዲሁ ሳታይ አምናው ነበር።

በመጀመሪያው መስመር፣ የታካሚው ስም በሚለው ቦታ ላይ አሥራ ዘጠኝ ብላ ጻፈች። ከሥሩ መስካሪ በሚለው ላይ የራሷን ስም ከነአያቷ፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥሯንም ጨምራ አሰፈረች። በምን አረጋገጡ ለሚለው፣ "ጠባሳውን አይቻለሁ፤ ሳንባውን አዳምጫለሁ" ብላ ሞላች። ሁለቱን መስመር ባዶ ተወቻቸው።

ሲራክ ተገልብጦ የሚታየውን ጽሑፍ እያነበበ ነበር። "ይህን ይቀበሉታል?"

"አላውቅም። ካልተቀበሉት የሚጠይቁት እኔን ነው።"

"ሁለት ይቀራል።"

"ፋይሉ የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው። እስከዚያ ሁለት ቅዳሜ አለ። አንተ አስፈቅደህ አብረን እንሄዳለን፤ ደብተሬን ቤት ትቼ እመጣለሁ።" ሲራክ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

የወልድያው ሚኒባስ ረዳት መጣራት ጀምሯል። ሔዋን ሂሳብ ከፍላ እየተነሳች ስልኳን አወጣችና አብሯት የሚሠራው ዶክተር ኤፍሬም ዘንድ ደወለች። የቅዳሜን ተረኝነት እንዲወስድላት፣ በምትኩ እሁዱን እንደምትሠራለት ነገረችው። ኤፍሬም እሺ አለ፤ ግን በክረምት መግቢያ ተራዋን አስለውጣ የማታውቅ ሰው ወዴት እንደምትሄድ ማወቅ ፈለገ።

"ዘመድ ልጠይቅ ነው" አለችው።

"የት ነው ዘመድሽ? ማን ይባላል?"

ሔዋን ሚኒባሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ሲራክን ዞር ብላ አየችው።

"አታውቀውም" አለችና ስልኩን ዘጋች።